ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ጨለማ ነው፤ ማዘርቦርድ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ፒያሳ፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ ነው የምኖረው። ዕቃ ከየቦታው ለቃቅሜ ኮምፒውተር ራሴ ገጣጠምኩ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ነው፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። ማዘርቦርዱ ያገለገለ ቢ450፣ ራሙ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር 4፣ ግራፊክስ ካርዱ ከጓደኛዬ የገዛሁት 1660 ሱፐር፣ ፓወር ሰፕላዩ አክስቴ ከዱባይ የላከችልኝ 550 ዋት። ስከፍተው ፋኖቹ ሁሉ ይዞራሉ፣ መብራቶቹም ይበራሉ፤ ሞኒተሩ ግን ሲግናል የለም ብሎ ይጠፋል። ፋኑ ስለሚዞር ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው። ካርዱን አውጥቼ የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ብሰካውም ያው ነው። ራሙን በላጲስ ጠርጌዋለሁ። ኬዙን ስነካው ትንሽ ይነዝረኛል። ያሳየሁት ቴክኒሻን እሱም ካርዱን አውጥቶ ሞከረና ‹ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ› አለኝ። ሌላው ደግሞ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ አለ። ልግዛ?»

ምላሽ፦ አይግዙ። ከጻፉት ውስጥ ማዘርቦርዱ መቃጠሉን የሚያሳይ አንድም ነገር የለም። እስካሁን የተደረጉት ሙከራዎች ቦርዱ ጤነኛ ቢሆንም ባይሆንም ውጤታቸው ያው ጨለማ ስለሆነ፣ ምንም አልነገሩንም።

ከካርዱ እንጀምር። ራይዘን 5 5600 በውስጡ ግራፊክስ የለውም። ግራፊክስ ያለው መጨረሻው ላይ «ጂ» የተጨመረበት 5600ጂ ነው። ማዘርቦርዱ ጀርባ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ በራሱ ምስል አይሠራም፤ ፕሮሰሰሩ የሠራውን ወደ ውጭ ያሳልፋል እንጂ። ፕሮሰሰሩ ምስል የማይሠራ ከሆነ ቀዳዳው ጌጥ ነው። ስለዚህ ካርዱን አውጥተው ኬብሉን ቦርዱ ላይ ሲሰኩ፣ ቦርዱ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ የሚያዩት ጨለማ ነበር። ቴክኒሻኑም በዚሁ ሙከራ ፈርዶ ከሆነ ፍርዱ አይጸናም። (በኢንቴል በኩልም መጨረሻቸው ላይ «ኤፍ» ያለባቸው ፕሮሰሰሮች እንዲሁ ናቸው፤ በዚህ የተነሳ ደህና ቦርድ ሲጣል አይቻለሁ።) ካርዱን ወደ ቦታው ይመልሱ፣ የራሱን የኃይል ገመድ ይስኩለት፣ የሞኒተሩንም ኬብል ካርዱ ላይ እንጂ ቦርዱ ላይ አይስኩ። ከአሁን በኋላ ያለ ካርድ የሚደረግ የምስል ሙከራ የለም።

«ፋኑ ስለሚዞር ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው» የሚለውም አያስኬድም። የፋን መዞር 12 ቮልት ወደ ቦርዱ መድረሱን ብቻ ነው የሚናገረው። ፕሮሰሰሩ የሚጠጣው ኃይል የሚመጣው ግን በሌላ ገመድ ነው፤ ከቦርዱ በላይኛው ግራ ጥግ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ በሚሰካው ባለ 8 (በአንዳንድ ርካሽ ቦርዶች ባለ 4) ፒን ማገናኛ። ይህ ገመድ ካልተሰካ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ፕሮሰሰሩ ግን አልነቃም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጣጥም ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱን ነው፤ ገመዱ አጭር ሆኖ ከቦርዱ ጀርባ ዞሮ ስለሚመጣ። የግራፊክስ ካርዱም ገመድ ባለ 8 ፒን ስለሆነ ሁለቱ ይምታታሉ። የፕሮሰሰሩ ለሁለት ሲከፈል 4 እና 4 ይሆናል፣ የካርዱ 6 እና 2። የፕላስቲኩ ቅርጽ የተለያየው በምክንያት ነው፦ በአንዱ 12 ቮልት የሚመጣበት ረድፍ በሌላው መመለሻው ነው። አልገባ ካለ በጉልበት እንዳይገፉት። የፓወር ሰፕላይዎ ገመዶች ተነቃይ ከሆኑም ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የመጣ ገመድ አይጠቀሙ፤ ቢገጥምም አሰላለፉ ሊለያይ ይችላል፣ ዕቃ የሚያቃጥለውም እንዲህ ዓይነቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ። ቢ450 ቦርዶች ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የራይዘን 5000 ተከታታይ የመጀመሪያዎቹ የወጡት በ2020 መጨረሻ ሲሆን የእርስዎ 5600 ደግሞ በ2022 ነው። ቦርዱ ሲሠራ ያልተወለደውን ፕሮሰሰር የሚያውቀው ባዮሱ ከታደሰ ብቻ ነው። ባዮስ ማለት ቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም ነው፤ ፕሮሰሰሩን የሚቀሰቅሰው፣ ራሙን የሚያስተካክለው፣ ካርዱን የሚፈልገው እሱ ነው። አሮጌ ባዮስ የማያውቀው ፕሮሰሰር ሲገጠምለት ስህተት ብሎ አይጽፍም፤ የሚጽፍበት ምስል ገና የለውምና። ፋን ይዞራል፣ መብራት ይበራል፣ ሞኒተሩ ሲግናል የለም ይላል። የላኩት ምልክት ቁርጥ ይኸው ነው። ቦርዱን የሸጠልዎት ሰው ይሠራል ብሎዎት ከሆነም አልዋሸዎትም ይሆናል፤ ቦርዱ እሱ ጋ በአሮጌ ፕሮሰሰር ሲሠራ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለሻጩ ይደውሉና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «ቦርዱ ላይ ምን ፕሮሰሰር ነበር?» 5000ዎቹ ከሆኑ ባዮሱ በአንድ ወቅት ታድሷል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ይቀንሳል። 1600፣ 2600፣ 3600 የሚል መልስ ከሰጠዎት ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። ቀጥሎ ቦርዱ ላይ የታተመውን ሙሉ የሞዴል ስም ያንብቡ። «ቢ450» የቺፕሴቱ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ስም ነው፤ በዚህ ስም ብዙ ፋብሪካዎች ብዙ ዓይነት ቦርድ ሠርተዋል። በአምራቹ ድረ ገጽ በዚያ ሞዴል ሥር የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ፤ ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ፊት ለፊት ቢያንስ ስንተኛው ባዮስ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። 5600ን ይፈልጉ፣ ቁጥሩን ይመዝግቡ። የቦርዱ ዕትም ቁጥር ካለም አብረው ያስተያዩ፤ አንዳንድ አምራች በአንድ ስም የተለያየ ዕትም ያወጣል፣ ባዮሳቸውም አይለዋወጥም።

ከመታደሱ በፊት ግን ቦርዱ በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚናገር አንድ ሙከራ አለ። ገንዘብ አያስወጣም። የኃይል ገመዱን ከግድግዳ ይንቀሉ፣ ሁለቱንም ራም ያውጡ፣ ከዚያ ያለ ራም የኃይል ገመዱን ብቻ መልሰው ይስኩና ይክፈቱት። ራም የሌለው ጤነኛ ቦርድ ዝም አይልም። ብዙዎቹ ቢ450 ቦርዶች ከትልቁ ባለ 24 ፒን ማገናኛ አጠገብ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው፤ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ዲራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ ካርድ)፣ ቡት (ማስነሻ ዲስክ) የሚል ተጽፎባቸዋል። ራም ከሌለ ዲራም የሚለው በርቶ መቅረት አለበት። መብራቶቹ ከሌሉ ከኬዝ ጋር የሚመጣውን ወይም ከአሮጌ ኮምፒውተር የሚወልቀውን ትንሽ ስፒከር ይሰኩበት፤ ራም አጣሁ ብሎ ደጋግሞ ይጮኻል። ጮኸ ወይም የዲራም መብራት ላይ ቆመ እንበል፦ ባዮሱ እየሠራ ነው፣ ፕሮሰሰሩንም በአብዛኛው አውቆታል ማለት ነው፣ «ተቃጥሏል» የሚለው ነገር እዚያው ላይ ያበቃል፤ ችግሩን ከራሙና ከካርዱ መፈለግ ነው። ድምፅም የለም፣ ወይም ሲፒዩ የሚለው መብራት ላይ ቀርቷል እንበል፦ ያኔ ተጠርጣሪዎቹ ያልተሰካ የፕሮሰሰር ገመድ፣ ያልታደሰ ባዮስ፣ የታጠፈ የፕሮሰሰር ፒን፣ በመጨረሻም ቦርዱ ራሱ ናቸው። በዚሁ ቅደም ተከተል።

የታጠፈ ፒን ያልኩት እንደ እርስዎ ያለ ቦርድ የሚቀበላቸው (ኤኤም4 የሚባሉት) ፕሮሰሰሮች ፒናቸው ከሆዳቸው በታች ስለሆነ ነው። ቴክኒሻኑ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አንስቶ ከሆነ ይጠይቁት፤ በመካከላቸው የሚቀባው ፔስት ሲደርቅ ፕሮሰሰሩን አጣብቆ፣ መቆለፊያው ሳይከፈት መንግሎ ያወጣዋል። እርስዎም ሲያነሱት ቀጥ አድርገው አይሳቡ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ያዙሩት፣ እምቢ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ያሙቁት። ፒኖቹን በስልክ መብራት ከጎን ሲያዩዋቸው ረድፋቸው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ጥቂት የዘመመ ከሆነ በስስ ምላጭ ጀርባ በትዕግሥት ይቃናል፤ የተሰበረ ግን አይመለስም።

ባዮሱን ለማደስ ሦስት መንገድ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ከቦርዱ ጀርባ፣ ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አጠገብ፣ ፍላሽ ባዮስ ወይም ፍላሽባክ የሚል ቁልፍ ካለ ነው። ይህ ያለ ፕሮሰሰርም ያለ ራምም ይሠራል፤ ወደ ቦርዱ የሚሰኩት የፓወር ሰፕላዩ ሁለት ገመዶች (ባለ 24 ፒኑና የፕሮሰሰሩ) ብቻ ይበቁታል። ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ፣ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ዲስክ ላይ መመሪያው ባዘዘው ስም ያስቀምጡ፣ ምልክት ባለበት ቀዳዳ ሰክተው ቁልፉን ይጫኑ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ደቂቃዎች ይወስዳል፤ እስከዚያው ምንም አይንኩ። ብዙዎቹ ርካሽ ቢ450ዎች ግን ይህ ቁልፍ የላቸውም። ያኔ ሁለተኛው መንገድ አሮጌ ራይዘን ለአንድ ሰዓት መዋስ ነው። 2600ን ወይም ከዚያው ተከታታይ ሌላ ይምረጡ፤ ቢ450 አብሯቸው ስለወጣ ያለ ምንም እድሳት ያውቃቸዋል። 3600 ቢያገኙ ላይነሳ ይችላል፣ እሱም ከቦርዱ በኋላ የመጣ ነውና። ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ሱቆች አሮጌ ፕሮሰሰር መሳቢያቸው ውስጥ አይጠፋም፤ የእጅ ዋጋ ከፍለው እዚያው ማሳደስ ይችላሉ። ሦስተኛው የባዮስ ቺፑን ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ መጻፍ ነው፤ ላፕቶፕ ቦርድ የሚጠግኑ ሰዎች መሣሪያው አላቸው። እርስዎ ራስዎ እንዲሞክሩት አልመክርም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በእድሳቱ መሃል መብራት ቢጠፋ ቺፑ ግማሽ ተጽፎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ቦርዱ እውነትም አይነሳም። ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያለበት ቦታ ይሥሩት፤ ከሌለ ሰፈርዎ መብራት ሲመላለስ በዋለበት ቀን አይጀምሩት። ከአሮጌ ባዮስ ወደ መጨረሻው በአንድ ዝላይ የማይፈቅዱ ቦርዶችም አሉ፤ ከፋይሉ አጠገብ ያለችውን አጭር ማስታወሻ ሳያነቡ አያውርዱ።

ራሙን በተመለከተ ላጲሱን ይተዉት። ልማዱ የቆየ ነው፣ አንዳንዴም ይሠራል፤ ግን ፍርፋሪው ስሎቱ (ራሙ የሚሰካበት ቀዳዳ) ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ንጹሕ አልኮል የነካው ጨርቅ ይበቃል። ከመጥረግ በላይ የሚጠቅመው አቀማመጡ ነው። አራት ስሎት ካለው፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው ለሁለት ራም የሚሆኑት። ለሙከራ አንዱን ብቻ ሁለተኛው ላይ ያድርጉ፣ ከዚያ ሌላውን። ጫፉ ላይ ያለው መቆለፊያ ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ይጫኑት፤ ብዙ ሰው ቦርዱ ጎበጥ ሲልበት ፈርቶ ከመግባቱ በፊት ያቆማል። ያገለገለ ቦርድ የቀድሞውን ባለቤት ማስተካከያም ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ኃይሉን ነቅለው ክቧን የሲአር2032 ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡና ይመልሱ።

ይህን ሁሉ ኬዙ ውስጥ ባያደርጉት ይመረጣል። ቦርዱን ያውጡና በመጣበት ካርቶን ላይ ያስቀምጡት፤ ቦርድ በሚታሸግበት ብርማ ላስቲክ ላይ ግን አይሁን፣ የውጭ ገጹ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ካርዱ ከነኃይል ገመዱ፣ የቦርዱ ሁለት የኃይል ገመዶች፤ ሌላ ምንም። ማብሪያው ኬዙ ላይ ስለቀረ፣ የማብሪያው ሽቦ የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ያነካኳቸው፤ ይነሳል። ውጭ ላይ ምስል ከሰጠና ኬዝ ውስጥ ሲገባ ካልሰጠ፣ ከቦርዱ ሥር የሚገቡት የነሐስ እግሮች አንዱ ያለ ቦታው ቆሞ የቦርዱን ጀርባ እየነካ ነው።

ዲስኩን አልጠቀስኩም፤ ስለማያስፈልግ ነው። የአምራቹ አርማና የባዮሱ ገጽ ዲስክ ባይኖርም ይመጣሉ። ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሞኒተሩን ሲግናል ሊያሳጣው አይችልም፤ ተራው ገና አልደረሰምና። በከተማችን ለማንኛውም የኮምፒውተር ሕመም ቀድሞ የሚታዘዘው ፎርማት ነው። ላቀረበልዎት ሰው አመስግነው ይለፉት፤ ፋይልዎን አጥፍተው እዚሁ ጨለማ ፊት ነው የሚቀመጡት።

ስለ መንዘሩ። ቦርዱ ሾርት አድርጎ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የመስመሩን ጫጫታ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉ፤ ጥቂት ኃይል ወደ ኬዙ ብረት ያሳልፋሉ፣ ያ ኃይል በምድር መስመር በኩል መውጣት አለበት። ምድር መስመር ከሌለ ኬዙ ላይ ይቀርና ሲነኩት እጅዎን ይነዝራል። በአሮጌ የፒያሳ ቤቶች ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት የተለመደ ነው። ከዱባይ የመጣው ገመድ ደግሞ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ይሆናል፤ በትንሽ አስማሚ ሲሰኩት ምድሩ አስማሚው ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ ስለሚነቀል እዚህ በሚሸጠው፣ ሁለት ክብ እግርና የጎን ምድር ባለው ገመድ ይቀይሩት። የቤቱ ምድር መኖሩን ግን ኤሌክትሪሺያን ይየው፤ የምድሩን ሽቦ ከውኃ ቧንቧ ጋር የሚያስር «ዘዴኛ» ካጋጠመዎት በሩን ያሳዩት። ምስሉን የከለከለው ይህ አይደለም። ሆኖም ኬዙና ሞኒተሩ በተለያየ ኃይል ላይ ሆነው ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ቀዳዳው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኬብል የሚሰኩት ሁለቱም ከግድግዳ ተነቅለው ይሁን። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ካለም 230 ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይስኩ፤ 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ቢከፈት ወዲያው ይፈነዳል። ሳጥኑን ራሱን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬ ማታ የፕሮሰሰሩን ገመድ ይዩ፣ ካርዱን ይመልሱ፣ ያለ ራም ያለውን ሙከራ ያድርጉ። ዝም ካለ ነገ ቦርዱን ይዘው 2600 ወዳለው ሱቅ ይሂዱ። በ2600 ምስል ከመጣ ባዮሱን አሳድሰው ወደ 5600 ይመለሱ፤ ነገሩ አለቀ። በ2600ም፣ ሲሠራ በታየ ፓወር ሰፕላይ፣ ራምና ካርድም ጨለማ ከሆነ፣ ያኔ ቴክኒሻኑ ልክ ነበር፤ ቦርዱ ሞቷል። ከዚህ ሆኜ ያንን ላስቀርልዎት አልችልም፣ ከሻጩ ጋር የሚነጋገሩበት ማስረጃ ግን ይኖርዎታል።

ሌላ መግዛት ግድ ከሆነም በሞዴል ስም ብቻ ተማምነው አይግዙ። ሌላ ያገለገለ ቢ450 ያንኑ ባዮስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቢ550ም ቢሆን ከ5000ዎቹ ጥቂት ወራት ቀድሞ የወጣ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ቦርዶች እድሳት ሊፈልጉ ይችላሉ። 5600ውን በካርቶኑ፣ ራሙንና ካርዱንም ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ገጥሞ የባዮሱን ገጽ በሞኒተር ካላሳየዎት አይክፈሉ።